ስልሳ አራት ደረጃ

ማክሰኞ ማታ ነው፤ አፉላ ላይ ነፋስ፣
ከሸለቆው መጥቶ መስኮት የሚያላውስ።
ከምድር በታች ነን፣ በሰፈሩ ሚቅላት፣
ግድግዳው የሻገተ፣ የብረት በር ያላት።
ሌላ ጊዜ ሳይረን ሲጮህ ነው የምናውቃት።
ዛሬ ማንም አልሮጠ፤ የሱፍ ፍሬ እየቆረጠሙ፣
ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ወጣቶቹ ግድግዳ ይዘው ቆሙ።

ኦስናት መለሰ ናት የምትናገረው፣
ለከተማው ምክር ቤት የምትወዳደረው፣
በልጅነቷ ደረጃችን ላይ ኳስ የምታነጥረው።
መለሰ የአያቷ ስም ነው፤ እዚህ አገር ሲገቡ፣
አያትን የቤተሰብ ስም አድርገው መዘገቡ።
ሰውየው ሱዳን ላይ ቀረ፤
ስሙ ብቻ ተሻገረ።

ወረቀት አደለችን፤ ባንዱ ፊት ዕብራይስጥ፣
በሌላው አማርኛ፣ መስመሩ የሚበላለጥ።
«ዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ በክሊኒኩ በር ይዙር፤
መዋዕለ ሕፃናቱ ላይ ልጆቻችን ለብቻ አይከለሉ በአጥር፤
ፖሊስ ልጅን መንገድ ላይ አስቁሞ ሲጠይቅ፣
ደረቱ ላይ ያለው ካሜራ በርቶ ይጠብቅ።»
«ፖሊስ በከተማው ሥልጣን ነው?» አለ አንዱ ከኋላ።
«አይደለም፤ ግን ዝም ማለትም ሥልጣን አይደለም» አለች ቀላ ብላ።

አምስተኛው ላይ ተርጓሚውን አዳልጦታል፦
«ለአረጋውያን ሁሉ የአርኖና ግብር ይጣል» ይላል።
ይነሣ ለማለት ነው። አቶ እንግዳሸት ግን ብድግ ብሏል፦
«ግብር ከተጣለማ ደግ! ሰንጋው የት ታስሯል?»
ሚቅላቱ ሙሉ ሣቀ። ኦስናት ነገሩ አልገባትም፣
ያደገችው በዕብራይስጥ ነው፤ አብራ ሣቀች፣ አልከፋትም።

እኔም እጄን አነሣሁ፦ «መለሰ ነው ስምሽ፣ ልጄ፤
እስቲ ይህን መልሺ። ስልሳ አራት ደረጃ አለ ከመንገዱ እስከ ደጄ።
ባለቤቴ ጉልበቷ ከከዳት ሁለት ክረምት፣
ከፋሲካ ወዲህ አንዴም አልወረደች ከቤት።
አሳንሰሩ ስንተኛው ላይ ነው? ፈለግሁ፣ አላገኘሁም፤
ከመነጽሬና ከወረቀቱ ማን እንደደበቀው አላወቅሁም።»

ድምፅ ማጉያውን ዝቅ አደረገች።
«አልጻፍኩትም» አለች።
«ሕንፃው የሌላ፣ መሬቱ የሌላ፣ ገንዘቡ በሚኒስቴር፤
ዛሬ ቃል ገብቼ አራት ዓመት ልሰወር?»
ማንም አላጨበጨበም። አንዱ አዛጋ።
የሱፍ ገለባ በወለሉ ላይ፣ ስንወጣ፣ ከጫማችን ጋር ተንኮሻኮሸ።

«ምን አለች?» አለች ትርንጎ። «አልችልም አለች» አልኳት።
ጉልበቷን በቅባት አሸት አሸት ስታደርግ አየኋት።
«ያለፈው ሰውዬ እችላለሁ ብሎ አልነበር?»
«ብሎ ነበር።»
«እንግዲያ…» አለች፤ የቀረውን ዋጠችው።

የምርጫው ዕለት፣ ከሰዓት፣ ነጠላዋን ለብሳ ቆማለች።
«ወዴት?» ብላት፣ «ስሜ መዝገብ ላይ የለም እንዴ?» አለች።
መውረዱ አንድ ሰዓት ፈጀ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ
ስቬትላና ከኩሽናዋ ወንበር አወጣችልን፣ ቋንቋ ሳንለዋወጥ፤
ትርንጎ ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ እንደገና ተቀመጠች።
ፊደል አትለይም፤ መዳፏ ላይ በጣቴ ጻፍኩላት፣
ላሜድን፣ አንገተ ረጅሟን፣ ሁለቴ ደገምኩላት።
ቢጫው ፖስታ ለከንቲባው፣ ነጩ ለምክር ቤቱ።
ከካርቶኑ ጀርባ ቆየች፤ ሰልፈኞቹ አጉረመረሙ።
ማንን እንደከተተች አልጠየቅሁም።

ስንመለስ መሽቶ ነበር። ሦስተኛው ፎቅ ሳንደርስ
መብራቱ ጠፋ፤ ያ ራሱን የሚያጠፋው፣
በጎረምሳ እግር የተለካው፣
አርባ ቆጥሮ የሚሞተው።
ጨለማ ውስጥ ቆምን። እኔ ግድግዳውን እዳብሳለሁ፣
እሷ ትንፋሿን ትሰበስባለች።
«ይኼስ» አለችኝ፣ «የመብራቱ ነገር፣
ወረቀቱ ላይ አለ?»