ሁለት ወንበር

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፥ ሪሾን ለጺዮን፣
ከፋብሪካው ሰፈር፥ ከመስታወቱ ቤት ቆምን፤
እኔ፥ ፈንታነሽ፥ እና እናኑ እኅቴ፣
የባንክ ወረቀቴን ደብቄ በደረቴ።

መኪናዪቱ ቀይ ናት፤
እንደ በርበሬ አይደለም፥ እንደ ጥፍር ቀለም።
ሁለት ወንበር ብቻ፤ ከኋላ ቦታ የለም።
ጣሪያዋ እንደ ጃንጥላ ታጥፎ ይገባል፣
ቁመቷ ከወገቤ በታች ይውላል።

ሻጩ ኮቢ ይባላል፤ ፀጉሩ በቅባት ያበራል፤
እኔን በትከሻዬ አልፎ በሩን በሩን ያያል።
"ባልሽ መኪና እያቆመ ነው?" አለኝ በትሕትና።
"ባሌ ዲሞና ነው፤ ከአዲሷ ሚስቱ ጋር፥ በጤና።"
"ታዲያ ለማን ልትገዢ ነው?"
"ለዚህ ለመቀመጫዬ" ብዬ ገብቼ ተቀመጥኩ።

ሁለት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ሺህ ሸቀል።
"ዋጋው የታተመ ነው፤ አይነካም፥ አይነቀል፤
ግማሹ ቀረጥ ነው፥ የመንግሥት ድርሻ፤
ለእኔ የሚተርፈኝ አንድ ጉርሻ።"
(በዕብራይስጥ ነው ያለው፤ ጉርሻውን እኔ ጨመርኩ።)

እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች፥ ማሰሮ ቸርቻሪ፤
"ተሰንጥቋል" ሲላት፥ አንኳኩቶ፥ ገዢ ተከራካሪ፣
"ጆሮህ ነው" ትለው ነበር፥ ቀና ሳትል ከሥራዋ።
እኔም በጣቴ አንጓ አንኳኳሁ በኮፈኗ።
"ድምፅዋ ቀጭን ነው" አልኩት።
ኮቢ አልገባውም። አለቃውን ጠራ።

ጊዶን መጣ፥ ከራሱ በፊት ሆዱ ቀድሞ፤
በካልኩሌተሩ ሲጽፍ፥ ሲያጠፋ፥ ከፊቴ ቆሞ።
የእግር ምንጣፍ ጨመረልኝ፤ የመስኮት ጥላ ጨመረ፤
ዋጋው ግን ንቅንቅ አላለም፥ እንደ ተቸነከረ።

እናኑ ወደ እኔ ዞረች፤ በአማርኛ፥ ድምጿን ሳትቀንስ፣
"እስከ ስንት ትሄጃለሽ?" "እስከ ሰባ አምስት ድረስ።"
"እንግዲያው ከስልሳ ስምንት ጀምሪ፤ ከዚያ እንደ ማልቀስ።"
አማርኛችን በዚህ አገር ጓዳችን ናት፤
በሰው መሀል፥ በር ሳንዘጋ፥ የምንማከርባት።

ከጥግ፥ ከኮምፒውተሩ ጀርባ፥ አንድ ልጅ አቀረቀረ፤
ደረቱ ላይ "አቪሻይ" ይላል፤
ጓዳችን ውስጥ ሰው ነበረ።

ጊዶን ጠራው፦ "አንተ፥ ቋንቋቸውን ትሰማለህ አይደል?
ምን ተባባሉ?" ልጁ ተነሣ፤ ምራቁን ሲውጥ ይሰማል።
ሰባ አምስት ከንፈሩ ላይ ነበረች፥ አየኋት፤
እንጀራው ከዚህ ሰው እጅ ነው፤ አልፈርድም፥ ቢላት።
"ቀዩን ቀለም አልወደዱትም" አለ በዕብራይስጥ፤
"ፔታሕ ቲክቫ ሌላ ሻጭ ነግሯቸዋል፥ ዋጋ ቁርጥ።"

እናኑ ሣቋን በሳል ሸፈነች። ጊዶን ቁጥሩን አጠፋ፤
"ሁለት መቶ ሰባ አንድ" አለ፥ ፊቱ እንደ ተከፋ።

ብዕሩን ይዤ እጄ ቆመ፥ ትንሽ።
ሃያ ሁለት ዓመት የሌሊት ተረኛ፥ ከአረጋውያን ቤት፣
የሰው አባት ሳገላብጥ፥ የሰው እናት ሳጥብ፥ በጓንት፤
አንድ ክረምት ንጋት ላይ፥ አውቶቡስ ስጠብቅ ቆሜ፣
እንዲህ ያለች መኪና ኩሬ ረጨችኝ፥ እስከ ህልሜ።
አልተቆጣሁም። "ስንት ታወጣ ይሆን?" አልኩ፥ ያን ብቻ።
ከፈለግኩ እና ከፈልኩ፥ መሀላቸው አንዲት ፊደል፤
እሷን እስክሻገር ስንት ሌሊት፥ እንደ ገደል።

ፈረምኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቁልፉን ያመጣው አቪሻይ ነው።
ጣሪያዋ እንዴት እንደሚታጠፍ ሊያሳየኝ ጎንበስ ብሎ፣
"እትዬ" አለኝ፥ በቤት አማርኛ፥ ፊደል ባልቆጠረ፣
"በስልሳ ስምንትም ይሸጡላችሁ ነበረ፤
ቸኩላችሁ።"
እናኑ ጭኗን መታች። እኔ አፌን ያዝኩ። ከዚያ ሣቅን፥ ሦስታችንም፥ እንባ እስኪመጣ።
"ስምህ ማነው፥ የእናትህ ልጅ?" ብትለው፥ ጉንጩን ይዛ፥ እያየች፣
"እዚህ አቪሻይ ነኝ፤ እናቴ ግን ምስጋናው ትለኛለች።"
"ናማ ግባ፥ ምስጋናው! እስከ ባሕሩ እንውሰድህ!"
በሩን ከፈተች። ወደ ውስጥ አየች። ዝም አለች።

ታበራለች፥ እንደ ጥፍር ቀለም፤
ሁለት ወንበር ናት፤
ለምስጋናው ቦታ የለም።