ከሳሙናው ሥር

ከገላን አስፋልት ወደ ውስጥ ሲያልፉ
የቆርቆሮ አጥር ነው፣ ስም የለም በደጃፉ።
ሦስት መዶሻ አለን፣ አንድ ያረጀ መጋዝ፣
ምስማር ላይ ተሰክቶ ማኅተም ያለው ትእዛዝ፦
«ሁለት መቶ ፓሌት፣ ሐሙስ በማለዳ፤
አንድ ሰዓት ቢዘገይ በአቅራቢው ዕዳ።»

አቅራቢው እኔ ነኝ።
እኔም አቅራቢ አለኝ፤
ባሕር ዛፉን ከሱሉልታ አስቆርጦ የሚልክልኝ
ቱፋ ገመዳ ነው። ስልክ ሲያነሳ ቀድሞ
ዝናቡን ያማልኛል፣ ናፍጣውንም ደግሞ።
ምስማሩን ሸምሱ ከመርካቶ ይልካል፤
«እጅ በእጅ» ይለኛል፤ ዱቤ ስለው ይሥቃል።
ቱፋም አቅራቢ አለው፣ ሸምሱም አለው፤
ገመዱን ብትስበው ማለቂያ የለው።

ከኛ ፓሌት በላይ ካርቶኑ ይቆማል፣
ፎርክሊፍቱ መጥቶ ጥርሱን ሰክቶ ያነሳል።
ሳሙናው ስም አለው፣ ሥዕል አለው፣ ዘፈን፤
እኛ ከሥሩ ነን።

ዘነቡ ምስማሩን በከንፈሯ ይዛ
አንድ በአንድ ትመታለች፣ ቃል ሳታበዛ።
ማታ ትታጠባለች በዚያው ሳሙና፣
ከሱቅ በችርቻሮ ከፍላ እንደገና።

ነሐሴ ላይ አንድ ሳምንት ዝናቡ አላባራ፤
የቱፋ አይሱዙ ጭቃ ውስጥ አደረ ከሹፌሩ ጋራ።
ሐሙስ ሄደ። ዓርብ መጣ።
መዶሻው ዝም አለ እንጨት ሲታጣ።
ሰማይ አይቀጣ፣ ውል አልፈረመ፤
ቆርቆሮው ላይ ብቻ ሲዘፍን ከረመ።

ቅዳሜ በሌሊት ስልክ ጮኸ፤ ከፋብሪካ።
ሁሌ የግምጃ ቤቱ ነበር፤ ዛሬ ዋናው ለካ!
«ካርቶኑ ወለል ላይ ተቆልሎ ቀረ፤
አምስት ከባድ መኪና በር ላይ ቆሟል፤ ስምህ ማን ነበረ?»
ስድስት ዓመት አቅርቤ ስሜን ሲጠይቀኝ
ድንበሩ ነኝ አልኩት፤ የጻፈው መሰለኝ።

እሑድ በማለዳ፣ ጎረቤት ጠርተን፣
አግዳሚያችንን፣ የምሳ ጠረጴዛችንን ፈትተን
ሠላሳ ሁለት ሠራን። አንዱ መኪና ወጣ።
አራቱ ቱፋን ጠበቁ፤
ማክሰኞ በትራክተር ተጎትቶ መጣ።

ደረሰኝ ይዤ ሄድኩ። ሒሳብ ክፍል ያለችው
«በስልሳ ቀን» አለችኝ፣ «ውሉ እንዲያ ነው የሚለው፤
ለዘገየው ደግሞ ይቀነሳል ቅጣት።»
«ሥራ አስኪያጁ ያውቁኛል…» አልኳት።
«ማን ልበላቸው?» አለች፣ ቀና ሳትል።
ስሜን ነገርኳት።

ማታ ቱፋ ደወለ፦ «ዛፍ ቆራጩ ታሟል፤
ትንሽም ቢሆን ላክ፤ ያንተን ብር ጠብቋል።»
የለኝም ልለው ነበር፤ ሌላ ቃል አመለጠኝ፦
«ስሙ ማን ነው?» አልኩኝ።

ቱፋ ዝም አለ።
ከወዲያ ማዶ ዝናብ ቆርቆሮ ይመታል።
«ቆይ…» አለኝ፣ «ልጠይቅ።»