የታናሹ እግር

ጦሳ ጋቢውን እንደተከናነበ፣
ጉሙ ቁልቁል ወርዶ መስኮታችን ላይ እንደተሰበሰበ፣
እኔ አልጋ ሥር ገብቼ አንዲት ካልሲ እፈልጋለሁ፤
"የጠፋው ግራው ነው" ይለኛል ፉአድ፤ "ካልሲ ግራ የለውም" እለዋለሁ።
ትንሽ ያስብና፣ እጁን አገጩ ላይ ጣል አድርጎ እንደ ዳኛ፦
"ታዲያ ይሄ የተገኘው ለምን ሆነ ቀኘኛ?"

እናታቸው ሐያት፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሌሊት ፈረቃ፣
ገና ሐረጎ ዳገት ላይ ናት፣ ሚኒባሷ በጉም ውስጥ ተጠንቅቃ፤
ሳትደርስ ፊት ታጥቦ፣ ደብተር ቦርሳ ገብቶ፣ ዳቦ በሻይ ተበልቶ፣
ሁለቱም ሰው መምሰል አለባቸው፤
እኔም እንደ ነገሩ፣ ደቂቃ ተገኝቶ።

እነዚህ ልጆች የሚያድጉት ማታ ነው፣ በድብቅ ተማክረው፤
ጠዋት አራት ተረከዝ ከብርድ ልብስ ውጭ አገኛለሁ፣ ጫፍ ላይ ተደርድረው።
ሐምሌ የገዛሁት ሱሪ መስከረም ላይ ቁርጭምጭሚት ሸሸ፤
"ብርዱን ፈርቶ ነው" አለኝ ረምዚ፣ ጉልበቱን እያሻሸ።

የምንኖረው ቧንቧ ውሃ ሰፈር፤ ሦስት ቀን ግን ውሃው ጠፋ፤
"ስማችንን ረሳው እንዴ?" አለ ፉአድ፣ ቧንቧው አፍ ውስጥ ጣቱን ከትቶ ሲለፋ።
ረምዚ አስረዳው፣ ታላቅ ነዋ፣ በሁለት ዓመት የሚልቅ፦
"ውሃ ቁልቁል ይወዳል። ኮምቦልቻ ወርዷል።
እማ ይዛው ትመጣለች፣ ጠብቅ።"

ባጃጅ ላይ ድሮ ሁለቱንም ጭኔ ላይ አድርጌ የአንድ ሰው እከፍል ነበር፤
ዘንድሮ ሾፌሩ በመስታወት አየንና "ጋሼ፣ ሦስት ነው" አለ፣ ሳያፍር።
ፉአድ ተንጠራርቶ ተከራከረ፦ "እኔ ገና ስድስት ዓመቴ ነው፣ ግማሽ ነኝ!"
ረምዚ ክብሩ ተነካ፦ "እኔ ግን ሙሉ ነኝ፤ የሙሉ ሰው አስከፍለኝ!"

ቤታችን ውስጥ ሕግ አለ፦ ጫማ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤
ረምዚ ይጨርሰዋል፣ ሊስትሮ ይሰፋዋል፣ ፉአድ ይወስዳል።
እኔም ከወንድሜ ከሰዒድ እንዲሁ ነው የለበስኩ፤
አዲስ ጫማ ምን እንደሚሸት ሥራ ስይዝ ነው ያወቅኩ።

ባለፈው ሰኞ ገበያ ወጣን፣ ጫማ ተራ።
ረምዚን አስቀመጥኩት፣ እንደ ደንቡ፣ የታላቅ ተራ፤
ተረከዝ ገባ፣ ጣት ገባ፣ አውራ ጣቴን ጫፉ ላይ ጫንኩ፤
"ዓመት ይሄዳል" ብዬ ዋጋ መከራከር ጀመርኩ።
ፉአድ ለካ ዝም ብሎ የቀረውን አንዱን እግር አጠለቀ፤
አጠለቀ አይባልም፤ ታገለ፣ ተነፈሰ፣ ላበው፣ ተጨነቀ፤
በመጨረሻ ጆሮዬን ጎትቶ፣ ነጋዴው እንዳይሰማ፦
"ለረምዚ ገባለት፤ እኔን ግን ጠላኝ ይሄ ጫማ።"

ለካነው።
የስድስት ዓመቱ እግር የስምንት ዓመቱን በጣት አለፈ።
ረምዚ አንዴ የሱን፣ አንዴ የራሱን አየ፤ እንባው ዓይኑ ላይ ተንሳፈፈ።
እኔ አፌን ከፍቼ "አንተ እኮ በቁመት..." ልለው ስል፣
ፉአድ ቀደመኝ፣ ትከሻውን አቅፎ፣ እንደ አስታራቂ ሲያባብል፦
"አይዞህ፤ ሲጠበኝ ላንተ ነው፤ ለሌላ ሰው አልሰጥም።"
ረምዚ አፍንጫውን በእጅጌው ጠርጎ፦
"ኳስ ግን አትጫወትበትም!"

ማታ ለሐያት ነገርኳት፣ ለፈረቃ ስትዘጋጅ፣ ሻርፗን ስታስር፤
ሳቀች፣ ሳቀች፣ ከዚያ ዝም አለች፤ "ስንት ሆነ ቁጥር?"
ሌሊቱን ሙሉ ጨርቅ የምትለካ ሴት፣ አንዲት ክር የማታመልጣት፣
የልጇ እግር ሠላሳ ሦስት መግባቱን ጫማ ነጋዴ ቀደማት።
ገብታ ብርድ ልብሱን ወደ ታች ሳብ አደረገች፤
ተረከዝ ስትሸፍን ትከሻ ወጣ፤ ትከሻ ስትሸፍን... ቆመች።
"ነገ ሌላ እንገዛለን" አልኳት፣ "ሚኒባሱ ጥሎሽ እንዳይሄድ፣ አታምሺ።"
ተኝቷል ያልነው ፉአድ፣ ከጨለማው ውስጥ፦
"እማ፣ ውሃውን እንዳትረሺ!"