የሆጤ ሐምራዊ

ኢክራም ቁራጭ ጨርቅ ይዛ መጣች፣ መዳፍ የማትሞላ፤
«ይቺን ቀለም» አለች፣ «አልፈልግም ሌላ።
ስልሳ ሳሙና ነው፣ ለሰርጌ እንግዶች፤
ከረጢቱን ሰፍተዋል የአክስቴ ልጆች።»

መስኮቴ ላይ ጨርቋን በመርፌ ሰካኋት፤
ሐምራዊ? ወይን ጠጅ? ምን ብዬ ልጥራት?
ጉልበት ላይ ሦስት ቀን እንደዋለ ሰንበር፣
ቀይ ነው ልል ስል ሸሸ፤ ሰማያዊ ነበር።

ሶዳ ወደ ውሃ ነው። ውሃን ወደ ሶዳ
አንዴ ጨምሬ ነበር፤ ክንዴን ከዳው ቆዳ።
እና አሁን በጓንት፣ በሬን ከፍቼ፣
ለጦሳ ነፋስ ጀርባዬን ሰጥቼ፣
ያለ እሳት የሚፈላውን ባልዲ እጠብቃለሁ፤
ቀዝቅዞ ሲጠራ ለሞራ፣ ለኑግ ዘይት እድረዋለሁ።

መጀመሪያ ቀይ ስር። ፈቅፍቄ ጨመቅሁት፤
እስከ ክርኔ ድረስ እንደ ደም ለበስሁት።
ሊጡ ውስጥ ሲገባ ለአንድ አፍታ አማረ፣
ከዚያ ቡላ ሆነ፣ ቡላ ሆኖ ቀረ።
ለልኳንዳው ለአወል፣ በሞራ ዕዳዬ ፋንታ ሰጠሁት፤
«ውብ ሐምራዊ ነው» አለኝ። ቀለም አይለይም ዓይኑ፤ አላረምሁት።

ቀጥሎ ከርከዴ፤ ሲዘፈዘፍ ንጉሥ፣
ሶዳው ሲደርስበት አረንጓዴ ለብሶ የሚያለቅስ።

ጂቪ ገዛሁ ደግሞ፣ ከሮቢት ፋርማሲ፤
የሕፃን አፍ መድኃኒት፤ ልጅ ሳለሁ በምላሴ
ሳምንት የከረመ። ይሄስ አይከዳኝም!
እያየሁት ሄደ፤ ኮቴው አልተሰማም።
ሊጡ ነጭ ሆነ።
እኔም።

ወንድሜ ሙሄ አለ፣ ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲያቀልም፣ ሲያደርቅ፣
ፋብሪካው ምን ዓይነት ጨርቅ እንደሚያወጣ በወሩ
እናታችን የምታነበው ከጥፍሩ።
ደወልሁ። ሳቀ፤ ሳቁን ሳል ይቀድመዋል።
«አንቺ፣ አበባማ ለሶዳ ቁርስ ይሆነዋል!
እሱ የሚያፍረው ድንጋይና አፈር ፊት ነው።
ነጠላ የምትነክሪበት ሰማያዊ ዱቄት፣ ዘሩ ድንጋይ ነው።
ቀዩን ደግሞ ሐረጎ፣ ከመንገዱ ዳር
ዛቂው፤ ማን ይከለክልሻል፣ አፈር!»

ሚኒባሱን ጠመዝማዛው ላይ አስቆምሁት።
«እዚህ ማን አለሽ?» አለ ረዳቱ።
«አፈር» አልሁት።
ቀብር መሰለው መሰለኝ፤ ኮፍያውን አወለቀ፤
በፌስታል ዝቄ እስክቋጥር ማንም አልሳቀ።

በሻሽ ሰባት ጊዜ ነፋሁት።
አንድ ማንኪያ፣ ግማሽ፣ ሩብ፣ እየለካሁ በጠበጥሁት፤
አምስት ብርጭቆ ደረደርሁ፤
አንዱ ሊዘንብ ሲል የጦሳ አናት፣
አንዱ የሐምሌ ከንፈር፣ ብርድ የመታት፣
አንዱ ዝም ብሎ ጭቃ፣
አንዱ የደበርጃን ልጣጭ፤ አምስተኛውን ሳይ ዝም አልሁ።
ሊጡ እንደ አጥሚት ሲወፍር አፈሰስሁ፤
በብርድ ልብስ ጠቅልዬ እንደ አራስ ሸፈንሁ።

«ምን ወለድሽ?» አለች በበር ብቅ ብላ እትዬ ዘነቡ።
«ስልሳ ሴት። እስከ አርባ ቀን አይነኩም።» ጣቶቿ ተሰበሰቡ።

በአርባ አንደኛው ቀን ኢክራም መጣች፤
ጨርቋን ከመርፌው ነቅላ ሳሙናው ላይ ዘረጋች፤
«ራሱ ነው! አገኘሽው!» ብላ ጮኸች።

እኔ ግን አየሁ።
አርባ ቀን ሙሉ ያን መስኮት ፀሐይ ሲመታው፣
ሳሙናው አልነበረም፣ ጨርቋ ነበረች የወረደችው፤
እየገረጣች፣ እየሳሳች፣ ወደ ሐረጎ አፈር የመጣችው።
በእጥፋቷ ሥር፣ መርፌው ይዟት በነበረበት፣
ክር የምታህል የዱሮዋ ቀለም ቀርታለች፣ እንደነበረች፣ እንደ ድምቀት።
«ላጣጥፍልሽ» ብዬ ወሰድኋት፤
አውራ ጣቴን ጫንሁባት፤
በሌላ እጄ ስልሳውን ቆጠርሁላት።