ሁለተኛው ምት

አያቴ ኡውላ፣ የኢናሪ ሐይቅ ሰው፣
ንግግር የሚከብደው፣ ዝምታ የሚቀለው፣
በሰባት ዓመቴ፣ ፀሐይ በሌለችበት
በታኅሣሥ ቀን እኩል፣ በሰማያዊው ጽልመት፣
«ጫማሽን እሰሪ» ብሎ ቀሰቀሰኝ፤
አፈ ብረት ዘንጉን ይዞ አስከተለኝ።

ሐይቁ አንሶላ ለብሶ የተኛ ይመስላል፤
እንደ ጾመኛ ሆድ አልፎ አልፎ ይጮኻል።
«ይጩኽ፣ መጮኹ ነው፤ እየጠና ነው» አለኝ፣
«ዝም ያለው በረዶ፣ እሱ ነው የሚያስፈራኝ።»

አንድ እርምጃ ሄዶ ዘንጉን ያነሣና
ጧ! ያደርገዋል። ጆሮውን ያቀናና
እዚያው፣ ሁለተኛ፣ ጧ!
«ለምን ሁለት ጊዜ?» ብዬ ብጠይቀው
ጢሙ ላይ የረጋውን ውርጭ ጠረገው።

«ጥቁሩን እመኚው፣ ነጩን ተጠንቀቂ፤
ወንዝ ከሚገባበት ከአፉ ላይ ራቂ፤
አመዳይ ጫነ ብለሽ በላዩ አትድፈሪ፤
ብርድ ልብስ የደረበ ከሥር ይሞቃል፣ ፍሪ።»

ለየቦታው ስም አለው፦ «የአሮጊቷ ወገብ»፣
«የጅሉ መሻገሪያ»፣ «የሁለት ወንድም ረኀብ»፤
እንደ ጸሎት ደገምኩት፣ እንደ ቁጥር ቆጠርኩት፣
በወፍራም ጓንቴ ውስጥ በጣቶቼ ያዝኩት።

ትምህርት ቤት ካርታው ላይ ሐይቁ ሰማያዊ ነው፣
ከዳር እስከ ዳር አንድ፣ እጥፋትም የለው፤
እጄን አውጥቼ «ተሳስቷል» ብል ሳቁብኝ።
ለኡውላ ብነግረው እሱ አልሳቀብኝ፤
«ካርታው የበጋ ነው» አለ፤ ሌላም አልጨመረልኝ።

ስድስት ዓመት ሄደ። ሰባተኛው ጣጣ፦
ብርዱ መንገድ ቀረ፣ ዝናብ ቀድሞት መጣ።
ዘግይቶም ቢሆን ግን ሐይቁ ሲጋገር
ወጣን እንደ ልማዱ፤ እሱ ፊት ነበር።
«የአሮጊቷ ወገብ» ጋ፣ አባቱ በፈረስ
ግንድ ያጓጓዘበት ዳር እስከ ዳር ድረስ፣
ዘንጉን ከፍ አደረገ፤ ወረወረ።

ጧ አላለም።

ብረቱ እስከ ክንዱ ጠለቀና ቀረ፤
ጥቁር ውሃ ፈልቆ በጫማው ዙሪያ ዞረ።
ቆመ፤ እንደ አንድ ሽማግሌ፣ አብሮ አደጉን
ጠርቶ፣ እንደተነፈገ የሰላምታ እጁን።

ከዚያ ወደ ኋላ፣ በገዛ ዱካው ላይ
ተመልሶ ቆመ ከጎኔ። ወደ ሰማይ
አላየም፤ ወደ እኔም። ዘንጉን አቀበለኝ፤
እጁ የቦረቦረው እጀታው ሰፋኝ።

«ኤሌ፣ ያልኩሽ ውሸት አይደለም፤ እውነት ነበር ያኔ፤
በረዶው ሄዷል እንጂ፣ የቀረሁት እኔ።
ከእንግዲህ ምሪ አንቺ። ስሞቹን አትርሺ፤
ስም ግን አይሸከምም፤ እየመታሽ ድረሺ።
የእኔም ቃል በረዶ ነው፤ ምቺው በዘንግሽ፤
ሲጠና ቁሚበት፤ ሲላላ ይቅርብሽ።»

ይኼን ያህል ሲናገር ያን ቀን ብቻ ሰማሁ።

ቀደምኩ። ከኋላዬ፣ በትንሿ ዱካዬ፣
ትልቁ ጫማው ሲገባ ይሰማል ለጆሮዬ።
መታሁ አንድ ጊዜ። ጧ። ለእኔ ይበቃል።
እግሬን አነሣሁና አስታወስኩ፦ እሱ ይከብዳል።

እዚያው ቦታ ላይ
ደገምኩት።