ሃያ አንድ ዶቃ

ብርጭቆ እቆርጣለሁ፤ ይኸው ነው ሥራዬ፤
በያብሎኔትስ ከተማ፣ በእናቴ ወንበር ላይ፣
ድንጋዩ ሲሽከረከር፣ ውሃው ሲንጠባጠብ፣ ከነጎባጣ ጀርባዬ።
ዶቃ ስምንት ፊት አለው፤ አንዱን ካበላሸሁት
ሰባቱ አያበሩም፤ ይህን ማንም ሳይነግረኝ ከጣቴ ተማርኩት።

ክኒኑም ዶቃ ነበር።
ሃያ አንድ በአንድ ክር፣ ከዚያ የሰባት ቀን ዕረፍት፤
ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ፣ ማታ ማታ፣ ከመስታወቱ ፊት።
አልወቅሰውም፤ ቆዳዬን ያጠራልኝ እሱ ነው፣
የወር አበባዬን በቀጠሮ የሚያመጣው፣
ካሚልና ሊቡሻ በፈለግሁ ጊዜ እንጂ
በፈለጉ ጊዜ እንዳይመጡ ደጄን የጠበቀው።

በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ፣
ከዶቃው ጠርዝ ላይ አንዲት ብርሃን ወጣች፤
ጥርስ ነበራት፤ መጋዝ ትመስላለች።
ጎበዝ፣ አልኩ ለራሴ፤ እንዲህ የሚያበራ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።
ዶቃውን አስቀመጥኩት፤ ብርሃኗ ግን አልተቀመጠችም።
ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ከቆቤም ሥር አለች፤
ቀስ ብላ እየሰፋች ወደ ግራ ሄደች።
ትንሿ ጣቴ ደነዘዘች፤ ቀጥሎም ከንፈሬ፤
«መቀስ» ልል ፈልጌ «መስኮት» አለ አፌ፤
ከዚያ ሕመሙ ገባ፣ በአንድ ወገን ብቻ፣
ከማጅራቴ ተነሥቶ እስከ ግንባሬ።

ሁለት ዓመት ደበቅኩት። መብራቱን ወቀስኩ፤
አየሩን፣ ቢራውን፣ የልጆቹን ጩኸት ወቀስኩ።
እናቴ ቭላስታም ታያት ነበር፤
«የቆራጭ ግብር ነው፤ ከፍለሽ ተቀመጪ» ትል ነበር።

ሐኪሟ ኩቤሾቫ ዘንድ ለማዘዣ ብቻ ነበር የሄድኩት።
እስክሪብቶዋን ይዛ፣ ቀና ሳትል፣
«ሳያምሽ በፊት የሚታይሽ ነገር አለ?» አለችኝ።
ከወረቀቱ ጀርባ ሣልኩላት፤ ጥርስ በጥርስ፣ ማጭድ መሳይ።
እስክሪብቶው ቆመ።
«ስሚኝ ብላንካ፤ ይህች ብርሃንና ኤስትሮጅን
አንድ ቤት አያድሩም። ደም ይረጋል አንዳንዴ፤ ወደ አንጎል ይሄዳል።
ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ትንሹን ግን በገዛ እጅሽ አታሳድጊው።»
ሣጥኑን ከፊቴ አንሥታ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ ሌሎቹን ነገረችኝ፤ ኤስትሮጅን የሌለበት ክኒን፣ ሰዓት የሚያስከብር፤
ክብሪት እንጨት የምታህል ዘንግ፣ ከክንድ ቆዳ ሥር የምትቀበር፤
ሉፕ፣ ሆርሞን ያለው፤ ሉፕ፣ መዳብ ብቻ የተጠመጠመበት።
ሰዓት? ከድንጋዩ ፊት ሰዓት የለኝም።
ክንዴ? ክንዴ መሣሪያዬ ነው፤ ለማንም አላውሰውም።

ማታ ለኦታካር ነገርኩት። ለእሑድ ዓሣ
መንጠቆ ይቆጥር ነበር። «እኔ ልቆረጥ?» አለ ቀስ ብሎ፤
መንጠቆውንም እንደገና ከአንድ ጀምሮ ቆጠረ።
«ተወው» አልኩት። «ቆራጯ እኔ ነኝ።»

መዳብን አውቀዋለሁ።
ከምድጃው ቁንጥር ሲጣልበት ብርጭቆው ሐይቅ ይመስላል፤
አየር ሲያንሰው ደግሞ ደም።
ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፤ ሐኪሟ ግን ብዙ ነበራት።
ቀለበቴን ሰው ሁሉ ያየዋል፤ እንደ ቅኔ ቢቆጠር
የእኔስ ተገልብጧል፤ ወርቁ ከላይ ሆኖ፣ ፍቺው ከሥር መዳብ።

ሲገባ አመመኝ። ጥርሴን ነክሼ የጣሪያውን ሰሌዳ ቆጠርኩ።
ሦስት ወር ደሜ በዛ። ሊቡሻ «እማዬ፣ ምነው ገረጣሽ?» አለች።
ጉበት በላሁ፤ ተሳደብኩ፤
ላስወጣው ቀጠሮ ይዤ፣ ሳልሄድ ቀረሁ።

ብርሃኗም አልተወችኝም። ኅዳር ላይ፣ ሐሙስ ቀን፣ መጣች።
ድንጋዩን አጠፋሁት፤ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ
ሃያ ደቂቃ ሙሉ አየኋት።
ቆንጆ ናት፤ ይህን ለሐኪሟ አልነገርኳትም።
ስትጠፋ፣ ጮክ ብዬ፣ «መቀስ» አልኩ።
«መቀስ» አለ አፌ።
ከጎኔ የምትሠራው ሄድቪካ፣ ቀና ሳትል፣
መቀስ አቀበለችኝ።