ከተቃጠለው ሳውና አለፍ ብሎ

ቅዳሜ ማለዳ፣ ዱሉት በውርጭ ስታቃስት፣
ቢጫ አውቶቡስ መጣልን፣ የተማሪ፣ የሕፃናት።
አሥራ አንድ ነን፤ የሌሊት ጆሮዎች፣ የጭንቅ ስልክ አንሺዎች፣
ጉልበታችን ተጣጥፎ በልጅ ልክ ወንበሮች።

ማርሊስ ሆካነን መሪውን ጨብጣለች፤
ሃያ ስድስት ዓመት በዚሁ መንገድ ልጅ አመላልሳለች።
"ማስታወሻ አትያዙ" አለች፣ "በመስኮቱ እዩ፤
ስም ስጠራ ቀና በሉ፣ ቦታውን እንድትለዩ።"

ከጀርባዋ ያለውን ወንበር ሁሉም ሸሸው፤
ለእኔ ቀረ። ማን እንደሆንሁ ታውቃለች።
በመስታወቱ አየችኝ፤ ማርሽ አስገባች።

ሚያዝያ ነበር፣ በረዶው ሲቀልጥ፣ ሌሊት ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ፤
ጆሮዬ ውስጥ አንዲት ልጅ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ፦
"መኪናዬ ተገልብጧል። እግሬ ተይዟል። ውሃ እየገባ ነው።"
"አድራሻሽ የት ነው?"
"ከተቃጠለው ሳውና አለፍ ብሎ፣ ዓሣ የሚመስለው
ፖስታ ሳጥን ጋ ሳይደረስ፣ ድልድዩ ሥር..."
"የመንገዱ ቁጥር?"
"ሳውናው እኮ..."
"ቁጥሩን፣ እመቤት። ቁጥሩን ንገሪኝ።"

ስክሪኔ ላይ አንድ ክብ ነበር፣ ስፋቱ አሥር ማይል፤
ውስጡ ደን። ደን። ደን።
አራት ጊዜ "አድራሻ" ብያለሁ፤ ቅጂው ላይ ይቆጠራል፤
አራተኛው ላይ ድምፄ፣ የቤት ሥራዋን እንዳልሠራች ተማሪ፣ ይቆጣታል።

መርማሪዎቹ ደንቡን አይተው "አላጠፋህም" አሉኝ።
ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤
አላነበብሁትም ብል እዋሻለሁ፤ ሸምድጄዋለሁ።

እኔ እኮ ያደግሁበት ቤት ቁጥር አልነበረውም!
ደብዳቤ በሰው እጅ ሲላክልን፣ ፖስታው ላይ
"ከወፍጮው ዝቅ ብሎ፣ ሰፌድ ሻጯን ጠይቁ" ይላል።
ይደርስም ነበር።
ጭቃ ቢሆን፣ ጨለማ ቢሆን፣ ይደርስ ነበር።
እዚህ መጥቼ ቁጥር ለመድሁ፤
ቁጥር የለመደ ዓይን ይሰንፋል።

ከቀብሩ በኋላ ጠበቃ ስንጠብቅ፣ ማርሊስ መጣች፤
አለቃችን ጠረጴዛ ላይ የአውቶቡስ ቁልፍ አስቀመጠች።
"ኬንድራ አድራሻዋን ተናግራለች" አለች፤
"ቋንቋውን የማታውቁት እናንተ ናችሁ።"

ዛሬ ሁለተኛው ጥያቄያችን ተለውጧል፤
"ምን ይታይሃል?" ይላል።
ወረቀት ላይ አጭር ነው፤ መንገድ ላይ ይረዝማል፦

"ይሄ ወተት ማኅበሩ ይባላል። ከፈረሰ አርባ ዓመቱ፤
ሰው ሲደማ ግን የሚጠራው ይህንኑ ነው።"
"ይሄ የፔልቶ መታጠፊያ። ፔልቶ ሞቷል፤ መታጠፊያው አልሞተም።"
"ያ፣ ጫማ ዛፍ።"
ቀና አልን። እውነትም ቅርንጫፉ ሁሉ ጫማ፣
በማሰሪያቸው የተንጠለጠሉ፣ በረዶ የሞላባቸው፤
ከመካከላችን አንዱ ሊስቅ ከጀለና ተወው።

"ከተቃጠለው ሳውና አለፍ ብሎ።"
ድምጿ አልተለወጠም። አራት ጥቁር ግንድ በነጩ ላይ።
ከዚያ ሳጥኑ፦ ቆርቆሮ፣ ቀለሙ የተላጠ፣
አንድ ዓይኑ የወደቀ፣ አፉ የተከፈተ።
ዓሣ ይመስላል።
ፈጣሪ ይየኝ፣ ከዓሣ በቀር ምንም አይመስልም።

ድልድዩ ጋ አቆመች። እጇ በልማድ ሄዶ በሩን ከፈተ፤
ቀዩ የማቆሚያ ክንድ ተዘረጋ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ፤
ከኋላችን ግንድ የጫነ መኪና ቆሞ ጠበቀ።
ማንም አልወረደም። ማንም አልተሳፈረም።
ብርዱ ብቻ ገባ።
አንድ ልጅ ተሻግሮ እስኪያልፍ የሚፈጀውን ያህል ቆየች፤
ከዚያ ዘጋችው።

ጣቢያው በር ላይ የመጨረሻው ወራጅ እኔ ነበርሁ።
ይቅርታ የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ፣ እንደ ዓሣ አጥንት።
እሷ መስታወቱን እየጠረገች ነበር።
"በሚመጣው ቅዳሜ የደቡቡ መስመር ነው" አለች፤
"ያኛው ይጠማዘዛል። ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥ።"